ሮክ ለሚወድ ልጅ የሠርግ ባንድ ጊዜ ማባከን ነው? የጅማ ሙዚቀኞች እስኪ ኑ

ጂሬን ጊታር (እሁድ፣ ምሽት 2:15)

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት አንድ ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ዕድሜው 17 ነው፤ እዚሁ ጅማ ነው የሚኖረው። ጊታር ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ልቡ ያለው ሮክ ላይ ነው። አሁን አንድ የሠርግ ባንድ ሪትም ጊታር (ዘፈኑን በኮርድ የሚያጅበውን) እንዲጫወትላቸው ጠርቶታል። «ሠርግ ላይ ብጫወት እጄ አይበላሽም ወይ? የሮክ ባንድ እስካገኝ ብጠብቅ አይሻልም?» አለኝ።

ለእሱ ብቻ ከምመልስለት እዚህ ላውራው ብዬ ነው፤ ፈቅዶልኛል። ሂድና ተጫወት ነው የምለው። ለምን እንደምል ግን ትንሽ ረዘም ላድርገው።

እኔ የጀመርኩት በ1998 ዓ.ም ነው። ትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ነበረው። ክበቡ አንድ አኩስቲክ ጊታር ነበረው። ጊታሩ ደግሞ አራት ክር። የቀሩትን ሁለቱን ማን እንደበጠሳቸው የሚያውቅ የለም። በዚያ ላይ ስድስት ወር ተለማመድኩ። ሮክን ያሳየኝ የጓደኛዬ ታላቅ ወንድም ነው። አንድ ቀን ኮምፒውተሩን ከፍቶ የአሜሪካዊውን ጊታሪስት የጂሚ ሄንድሪክስን መድረክ አሳየን። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር አልዞረብኝም። ጊታር እንዲህ ይናገራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ የገባሁበት ባንድ አምስት ሰው ነበር። የምንለማመደው ከአንድ የቡና መጋዘን ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ጆንያ ጆንያ ትሸታለች። ያለን አምፕ (የድምፅ ማጉያ) አንድ ነው። ጊታሩም፣ ቤዙም፣ ማይኩም እሱ ላይ ይሰካል። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወርድበት የራስህን ጊታር አትሰማም። ልምምዱ ይቅር ስንል ድራመራችን እንቢ አለ። «እጄን እያያችሁ ተጫወቱ» አለን። ጊዜ መጠበቅ የተማርኩት ያኔ ነው፤ በጆሮዬ ሳይሆን በዓይኔ። የእሱ ክንድ ሲወርድ የእኔም እጅ አብሮ ይወርዳል። እስከ ዛሬ መድረክ ላይ ስወጣ የድራመሩን እጅ የማላይበት ቦታ አልቆምም።

የመጀመሪያ ሠርጌ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ሁለት ሶሎ (ጊታሩ ለብቻው ጎልቶ የሚወጣበት) ሸምድጄ ነው የሄድኩት። ሁለተኛው ዘፈን ላይ አንደኛውን ለቀቅኩት። የሚጨፍረው ሰው ቆመ። ጠልቶኝ አይደለም፤ ምቱ ጠፍቶበት ነው። ኪቦርዲስታችን ጠጋ ብሎ «መጀመሪያ ሰው አስጨፍር፣ ከዚያ ትጮሃለህ» አለኝ። ከዚያ በኋላ አምስት ሰዓት ሙሉ ሪትም ብቻ መታሁ። ክንዴ ዛለ፤ ጣቴ ውሃ ቋጠረ። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ድምፃዊው ደከመውና «ግማሽ ቶን አውርዱልኝ» አለ። ኪቦርዱ አንዲት ቁልፍ ነክቶ አወረደ። እኔስ? ወይ ስድስቱንም ክር በዚያ ጫጫታ መሃል ማላላት፣ ወይ ኮርዱን ሁሉ በጊታሩ አንገት ላይ አንድ ቤት (ፍሬት) ወደ ታች ማምጣት። የማላውቃቸውን ኮርዶች ያወቅኩት በዚያ ሌሊት ነው፤ ሙሽሮቹ ኬክ እየቆረሱ።

ሄንድሪክስም ጊታሩን ብዙ ጊዜ ግማሽ ቶን አውርዶ ይቃኝ እንደነበር የሰማሁት ቆይቶ ነው።

እሱን ካነሳሁ አይቀር። ሰው ሄንድሪክስን የሚያውቀው ለንደን ገብቶ ስሙ ከተጠራ ወዲህ ያለውን ነው። እኔን የሚይዘኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። የሲያትል ልጅ ነው። በ15 ዓመቱ ያገኛት የመጀመሪያ ጊታር ዋጋዋ አምስት ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 አባቱ ኤሌክትሪክ ጊታር ገዙለት፤ አምፕ ግን አልነበረውም። የመጀመሪያ መድረኩ የአንድ ምኩራብ ምድር ቤት ነው። እዚያ «ራስህን ማሳየት አበዛህ» ተብሎ ዝግጅቱ ሳያልቅ ተባረረ። ከዚያ ቬልቬቶንስ የሚባል የሰፈር ባንድ ገባ፤ ቀጥሎ ሮኪንግ ኪንግስ። ጊታሩን መድረክ ጀርባ ትቶት ቢያድር ተሰረቀ። አባቱ ሌላ ገዙለት። ከዚያ ወታደር ቤት። እዚያ ከቤዝ ተጫዋቹ ቢሊ ኮክስ ጋር ተገናኝተው ባንድ መሠረቱ። ከወታደር ቤት ሲወጣ ደግሞ ለዓመታት የሰው አጃቢ ሆነ፤ የአይስሊ ብራዘርስ፣ የሊትል ሪቻርድ። ለንደን የገባው በመስከረም 1966 ነው። 23 ዓመቱ ነበር።

እስከዚያ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው ከሰው ጀርባ ቆሞ፣ የታዘዘውን እየመታ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ሶሎውን ነው። እኔ ግን የሚመታበትን እጁን ነው የማየው። ያ እጅ የአጃቢ እጅ ነው። ድምፃዊ መሃል ክፍተት ፈልጎ የሚገባ፣ ከድራሙ ጋር የተጋባ። ያንን ብቻህን መኝታ ቤት ተቀምጠህ አታገኘውም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?


ግራኙ (እሁድ፣ ምሽት 2:50)

ልጁ እኔ ነኝ። ጋሼ ጂሬን በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። እኔ ግራኝ ነኝ። ጊታሩ የቀኝ ነው፤ ገልብጬ ነው የምይዘው። ክሮቹን አልቀየርኳቸውም፤ ስለዚህ ቀጭኑ ክር ከላይ፣ ወፍራሙ ከታች ነው። የጀመርኩትም እንደዚሁ ነው፤ የሚያሳየኝ ሰው አልነበረም። የባንዱ ኃላፊ ሲያየኝ «ወይ እጅህን ቀይር፣ ወይ ክሩን» አለኝ። ምን ላድርግ?


ቤዝ ከቆጪ (እሁድ፣ ምሽት 3:20)

እኔ በዚህ ነገር ከጂሬን ጋር አልስማማም። ስድስት ዓመት ሠርግ ሠርቻለሁ። ገንዘቡ ክፉ አይደለም። በሚያዝያ እና በጥር አንዳንዴ በሳምንት ሦስት ሥራ አለ። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ዘፈን ነው የመታሁት። የራሴ ዘፈን ስንት ነው? አንድም። ከሠርግ ትመጣለህ፣ ትተኛለህ፣ ትነሣለህ፣ ለሚቀጥለው ሠርግ አዲስ የወጣ ዘፈን ታጠናለህ። ጣቴ ፈጣን ሆነ፤ ጭንቅላቴ ግን የራሱን ዜማ ማሰብ ረሳ። ሮክ የጀመርኩት የራሴን ለመናገር ነበር። ልጁ ይህንንም አውቆ ይግባ።


የቀድሞ ድራመር (እሁድ፣ ምሽት 4:05)

ልጆች ሰላም አመሻችሁ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ በልጅ ልጄ ስልክ ነው የምጽፈው፤ ስሕተት ካለ ይቅር በሉኝ።

እኔ የኪነት ልጅ ነኝ። በ1973 ዓ.ም፣ በደርግ ጊዜ፣ የቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ድራም እመታ ነበር። ጅማ ያኔ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። መስከረም 2 ሲደርስ፣ የላብ አደሮች ቀን ሲደርስ፣ ስብሰባ ሲኖር መድረክ ላይ እኛ ነን። ዘፈኑን የሚመርጠው ሌላ ሰው ነው። እኛ እንመታለን።

የድራሙ ፊት አንድ ቀን ተቀደደ። የፋብሪካው ፕላስቲክ ከየት ይመጣል? የፍየል ቆዳ ወጠርንበት። የጅማ አየር ደግሞ እርጥብ ነው። ቆዳው ይላላል፤ ድምፁ እንደ ትራስ ይሆናል። ስለዚህ መድረክ ከመውጣታችን በፊት በከሰል ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠን እናሞቀዋለን። ሦስት ዘፈን ያህል ይጸናል፤ ከዚያ እንደገና ይላላል። ስለዚህ ደመቅ ያሉትን ዘፈኖች መጀመሪያ ላይ፣ ዝግ ያሉትን መጨረሻ ላይ አደረግናቸው። ሰው ግን በጥበብ የተደረደረ መስሎት ያደንቀን ነበር።

ልጄ ቤዝ፣ ያልከው ገብቶኛል። እኛም ቀኑን ሙሉ የታዘዝነውን እንመታ ነበር። ግን ልምምዱ ሲያልቅ፣ ሌላው ሰው ሲሄድ፣ አራታችን እንቀራለን። በሩን እንዘጋለን። ጊታሪስቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የፈረንጅ ዘፈን ይሞክራል፤ እኔ በዱላ ሳይሆን በጣቴ እመታለሁ፤ እንዳይሰማ። አንድ ሰዓት ናት። ከቀኑ ውስጥ የእኛ የነበረችው እሷ ናት። አሁን ሳስበው እጄ የተፈታው በዚያች ሰዓት ነው። ግን ቀን ቀን ባልመታ ያቺን ሰዓት ምን ይዤ እገባባት ነበር? አንተም ስድስቱን ዓመት አትርገማቸው። ከአሁን በኋላ አንዲት ሰዓት ቆርጠህ አስቀር።

ሌላም ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ከዳውሮ የመጡ ድንካ ነፊዎች አብረውን መድረክ ወጡ። ድንካ ያላየ ሰው ካለ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ ብዙ ሆነው ነው የሚነፉት። ማንም ለብቻው አይሮጥም። አንዱ ያነሳውን ሌላው ይቀበለዋል። የእኛ ጊታሪስት ከዚያ ቀን በኋላ ተለወጠ። ዝም ማለት ጀመረ። ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ ሁለት ድምፅ ብቻ ያስገባል፤ ሰው ይነሳል።


ድምፀ መርካቶ (ሰኞ፣ ጠዋት 1:40)

ጋሼ ድራመር፣ እድሜ ይስጥልን። ስለዚያ ዘመን ብዙ እንዲጽፉልን እለምናለሁ።

እኔ ድምፃዊት ነኝ። ከአንተ ከልጁ ጋር እንደ እህት ላውራ። ጎበዝ ጊታሪስት እና ጥሩ ጊታሪስት ይለያያሉ። ጎበዙ እኔ ስዘፍን ይጫወታል። ጥሩው እኔ ትንፋሽ ስወስድ ይጫወታል። ሠርግ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ከእኔ ኋላ ስትቆም የት ትንፋሽ እንደምወስድ ታውቃለህ። ይህን የሚያስተምር ቪዲዮ አላየሁም።

ጅማ ደግሞ ለዚህ ሀብታም ናት። በአንድ ሠርግ ላይ ኦሮምኛ ትዘፍናለህ፣ አማርኛ ትዘፍናለህ፣ የዳውሮ ትጠየቃለህ፣ የከፋ ትጠየቃለህ። ምቱ ሁሉ ይለያያል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሳታቋርጥ መሻገር አለብህ። አዲስ አበባ ስሠራ ያየኋቸው አንዳንድ ትልልቅ ተጫዋቾች ይህን አይችሉም ነበር። እኛ ግን በልጅነታችን የበላነው ነው።

አንድ ነገር ለባንድ ኃላፊዎች። ሥራ ሌሊት 8 እና 9 ሰዓት ነው የሚያልቀው። እኔ ጀማሪ እያለሁ አንድ ባንድ ዕቃውን ጭኖ እኔን መንገድ ላይ ትቶኝ ሄዷል። ባጃጅ እንኳ በሌለበት ሰዓት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አልዘፈንኩም። ጅማ ውስጥ ለምን ሴት ጊታሪስት፣ ሴት ድራመር አናይም ብላችሁ ታውቃላችሁ? መልሱ ያለው እዚያ ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ ሰውን ቤቱ አድርሱ፣ ከዚያ ስፒከሩን።


ኪቶ ፉርዲሳ (ሰኞ፣ ከሰዓት 9:10)

እህቴ ያነሳሽው የመጨረሻው ነገር ራሱን የቻለ ውይይት ሊከፈትለት ይገባል። እኔ እከፍተዋለሁ።

«ሠርግ እጄን ያበላሻል» ለሚለው ፍርሃት ከቅኝት በኩል አንድ ነገር ልጨምር። ከላ ተነሡና ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ተጫወቱ። የሮክ ጊታሪስቶች ማይነር ፔንታቶኒክ የሚሉት ይህ ነው። ከሮክ ሶሎ ብዙው የሚሠራው በእነዚህ አምስት ድምፆች ነው። እኛ ደግሞ ባቲ ማይነር የምንለው ቅኝት ይኸው ነው። ያው አምስት ድምፅ፤ የሚለየው አነሳሱ፣ ማረፊያው፣ እርግብግቡ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ባቲ የመታ ልጅ የሮክ ጣት እየሠራ ነው ያደረው።

አሁን ዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን) አብሩና ላ እና ሚ ብቻ ያለውን ፓወር ኮርድ ምቱ። ይህ ኮርድ ማይነር ነው ሜጀር ነው አይልም፤ መሃሉ ባዶ ነው። በላዩ ላይ ባቲውን ሞክሩ፣ ይሄዳል። የትዝታ ማይነርን ሞክሩ፤ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ። ይሄዳል፤ ያውም ሲያለቅስ ነው የሚሄደው። አምባሰልም ይሄዳል። አንቺሆዬ ጋ ስትደርሱ ግን ይጋጫል፤ ምክንያቱም የእሷ ሚ ግማሽ ቶን ዝቅ ትላለች፣ ኮርዱ ደግሞ ሚን ይዞ ቆሟል። ያን ግጭት የሚወድ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። እኔ ወድጄዋለሁ።

ሙላቱ አስታጥቄ ጅማ እንደተወለደ ታውቃላችሁ አይደል? እ.ኤ.አ. በ1943። እንግሊዝ ሲሄድ ሐሳቡ ምህንድስና ነበር፤ ሙዚቃ ወሰደው። እነዚህን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር አጋባቸው። ሮክ ላይ ደግሞ ይህን በደንብ የሚሠራ ልጅ ከዚህችው ከተማ ይውጣ፤ እኔ የምመኘው እሱን ነው።


ጂሬን ጊታር (ሰኞ፣ ምሽት 1:30)

ግራኙ፣ የጥያቄህን መልስ አዘገየሁት፤ ይቅርታ።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የሄንድሪክስ ነው። እሱም ግራኝ ነበር። የቀኝ ጊታር ገልብጦ ይይዛል፤ ክሩን ግን አውልቆ ወፍራሙን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ይህን ከመረጥክ ክር መቀየር ብቻ አይበቃም። ጊታሩ አንገት ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ነጭ ነገር አለች። በላይዋ ያሉት ቦዮች ለየክሩ ውፍረት የተቆረጡ ናቸው። ስትገለብጠው ወፍራሙ ክር ጠባቡ ቦይ ውስጥ አይገባም፤ ቀጭኑ ደግሞ ሰፊው ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ይጮኻል። አዲስ ማሠራት አለብህ። ከበሬ አጥንት ይሠራል። ጅማ ደግሞ የእንጨት ጠራቢ አገር ናት። የእኔን የሠራልኝ ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚጠርብ ሰው ነው። የድሮዋን ሰጠሁት፣ ለካ፣ በጥሩ ሞረድ ሠራ። እስከ አሁን አለች።

ሁለተኛው መንገድ አንተ አሁን ያለህበት ነው። አልበርት ኪንግ የሚባል ትልቅ የብሉዝ ጊታሪስት ነበር። ግራኝ ነው፤ ክሩን ሳይመልስ እንደተገለበጠ ይጫወት ነበር። ሄንድሪክስ ራሱ እሱን ያደንቅ ነበር። ቀጭኑ ክር ከላይ ስለሆነ ሌላው ሰው ወደ ላይ የሚገፋውን አልበርት ወደ ታች ይስበዋል። ልቅሶው ሌላ ነው። አንተ ደግሞ ሁለት ዓመት በዚህ ሠርተሃል። እጅህ የለመደውን ለማንም ብለህ አትቀይር። ለኃላፊው አንድ ዘፈን ብቻ ተጫወትለት፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይስማ።

ወንድሜ ቤዝ፣ ያልከው እውነት ነው፤ እኔም ደርሶብኛል። እኔን ያዳነኝ የእራት ሰዓት ነው። ሠርግ ላይ ሰው ሲበላ ባንዱ ያለ ዘፋኝ ዝግ ያለ ነገር ይጫወታል። ማንም አያዳምጥም፤ ሁሉም ሳህኑ ላይ ነው። ያችን አርባ ደቂቃ የራሴ አደረግኳት። ያቀናበርኳትን ትዝታ ቀስ አድርጌ እገባባታለሁ። በየሠርጉ አንድ ነገር እጨምርባታለሁ፣ አንድ ነገር አወጣለሁ። አንድ ምሽት አንዲት እናት ሳህናቸውን አስቀምጠው ወደ መድረኩ ዞረው ተቀመጡ። እስክጨርስ አልተነሡም። እስከ ዛሬ ካየሁት አድማጭ ሁሉ የማልረሳቸው እሳቸውን ነው።


ቤዝ ከቆጪ (ሰኞ፣ ምሽት 3:00)

የእራት ሰዓትን አስቤው አላውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ ያቺን ሰዓት ስልኬን እያየሁ ነው ያሳለፍኳት። ጋሼ ድራመር፣ ምክርዎን ሰምቻለሁ። ዛሬ ከሥራ መልስ ቤዜን አውጥቼ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። አራት ኖታ የምትደጋገም ነገር አገኘሁ። ትንሽ ናት። ግን የእኔ ናት።


የቀድሞ ድራመር (ሰኞ፣ ምሽት 3:25)

አራቱን ኖታ በስልክ ቅዳና ላክልኝ። በጣቴ ልምታባት።


ግራኙ (ሐሙስ፣ ምሽት 1:05)

ዛሬ ልምምድ ሄድኩ። ጋሼ ጂሬን እንዳሉኝ ኃላፊውን «ዓይንዎን ጨፍነው አንድ ዘፈን ይስሙኝ» አልኩት። ሳቀ፤ ግን ጨፈነ። የኦሮምኛ ዘፈን ነበር። ሶሎ አላስገባሁም። ድራመሩን እያየሁ ሪትሙን ብቻ መታሁ። ሲያልቅ ዓይኑን ገለጠና «ክሩ እንዳለ ይሁን» አለኝ። ድምፃዊዋ ደግሞ መጨረሻ ላይ «ትንፋሽ ስወስድ ጠበቅከኝ» አለችኝ። እዚህ ስላነበብኩት ነው አልኳት።

የመጀመሪያ ሥራዬ ቅዳሜ ነው። አንድ ችግር ብቻ አለ። ባንዱ ያለው አምፕ ለሊድ ጊታሩ ነው። እኔ የራሴን ይዤ እንድመጣ ነው የተነገረኝ፤ የለኝም።


ቤዝ ከቆጪ (ሐሙስ፣ ምሽት 1:20)

እኔ ቅዳሜ ሥራ የለኝም። አምፔ 40 ዋት ነው፤ የቤዝ ቢሆንም ለሪትም ይሆንሃል፤ ትሬብሉን ትንሽ ከፍ አድርገው። ነገ ከሰዓት በኋላ ቆጪ ና። ከባድ ስለሆነ ባጃጅ ይዘህ ና። ገመዱ አንድ ቦታ ላይ ይቆራረጣል፤ ስትመጣ አብረን እንበይደዋለን።